ቀጣሪ የሚፈትኑት እትዬ ዘርፌ

ረሂማ ስትደውል፣ ወልቂጤ በምሠራበት የሕንፃ ዕቃ መደብር ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር በዋጋ እየተጨቃጨቅን ነበር። ረሂማ ቡታጅራ አብራኝ የተማረች፣ አሁን እትዬ ዘርፌ ኮፒ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ ናት።

«እትዬ ዘርፌ ሞቱ» አለችኝ።

«ምን ሆነው?»

«ምንም። ጠዋት ከፈትን፤ ‹ዛሬ ገበያ ነው፣ ሰው ይበዛል፣ ወረቀት ጨምሪ› አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ስመለስ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ አልቆላቸዋል።»

ለቧንቧ ሠራተኛው እሱ ባለው ዋጋ ሸጥኩለት። ደንግጦ አየኝ።

«ምን ነካሽ ዛሬ?»

«ውሰድና ሂድ» አልኩት። ሄደ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ወደ ቡታጅራ ተሳፈርኩ።

እንደዚያ ያለ ለቅሶ አይቼ አላውቅም። ድንኳኑ ውስጥ «ደግ ሴት ነበሩ» የሚል ሰው አልተገኘም። ሰው ሁሉ የሚያወራው የተሰደበውን ስድብ ነው። ካፌ ያለው ከድር «እኔን ደደብ ብለውኛል» ሲል፣ አጠገቡ የተቀመጠው ባለ እንጨት መሰንጠቂያ ተቆጣ። «ደደብማ የተባልኩት እኔ ነኝ። አንተን ያሉህ ገብጋባ ነው!» ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም። አስለቃሿ እንኳ አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ እያለቀሰች አይደለም።

እትዬ ዘርፌ ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ እስክሪብቶ ፀጉራቸው ውስጥ የሚሰኩ ሴት ነበሩ። ትውልዳቸው ደብረ ማርቆስ ነው። በባላቸው ዝውውር ቡታጅራ መጥተው፣ ባላቸው ሲሞቱ እሳቸው እዚያው ቀሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ አንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ጸሐፊ ነበሩ። «የአንዱን ሰው የቅጥር ደብዳቤ እኔው እጽፋለሁ፣ ማስጠንቀቂያውንም እኔው እጽፋለሁ፣ ስንብቱንም እኔው። መጀመሪያውኑ ቀጣሪና ተቀጣሪ ደህና አድርገው ቢነጋገሩ ኖሮ ጣቴ ባረፈ» ይሉ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት ከፈቱ። ከበሩ ጎን የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ስለዚህ ሠራተኛ የሚፈልገው ማስታወቂያ ለማስጻፍ፣ ሥራ የሚፈልገው ደግሞ ሲቪ ለማስጻፍ እሳቸው ጋ ይመጣል። በሌላ ኮፒ ቤት ቢሆን ያልከውን ይጽፉልሃል፣ ትከፍላለህ፣ ትሄዳለህ። እትዬ ዘርፌ ግን ሳይፈትኑ አይጽፉም። ሥራ ፈላጊውንም ቀጣሪውንም እዚያው ወረፋ ፊት ይፈትናሉ። ጠረጴዛቸው ሥር የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ አለ፤ ቀኝ እግራቸው ከማጥፊያው ላይ አይጠፋም። ውሸት ሲሰሙ በእግራቸው አውራ ጣት ይጫኑታል። ማተሚያው ይተነፍስና ጸጥ ይላል። «ማሽኑ ደከመው» ይላሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። ያኔ እውነቱን ትናገራለህ ወይም ትወጣለህ።

ከድር ደደብ የተባለ ዕለት እኔም ወረፋ ላይ ነበርኩ።

«ይጻፉልኝ እትዬ» አለ። «አስተናጋጅ፣ ሴት፣ ዕድሜ ከሃያ አምስት በታች፣ መልከ መልካም፣ የሥራ ልምድ ሦስት ዓመት።»

«አስተናጋጅ ነው ሚስት የምትፈልገው?»

«አስተናጋጅ ነው እንጂ!»

«ሚስት ከሆነ ሽማግሌ አብሬ ላፈላልግልህ ብዬ ነው። መልክ ምን ያደርግልሃል?»

«ደንበኛ ይወዳላ።»

«ደንበኛህ ፊት ለማየት ከሆነ የሚመጣው፣ ማኪያቶህን ምን ነካው?»

ወረፋው ሳቀ። ከድር ዞር ብሎ ማን እንደሳቀ መረመረ።

«ካፌውን ከከፈትክ ስንት ዓመትህ ነው?» አሉት ቀጥለው።

«ሁለት።»

«ሦስት ዓመት የሠራች ነው የምትፈልገው። እንግዲያው እሷ አንተን ትቅጠርህ።»

በዚህ አልተውትም። ማታ ስትዘጉ ልጅቷ በምን ቤቷ ትደርሳለች ብለው ጠየቁት። አስቦት አያውቅም። «ይኸን ሳታስብ ነው ሴት ቅጠሩልኝ የምትለኝ? ደደብ» አሉት፤ እንዲሁ፣ ሰዓት እንደሚነግሩት ሁሉ። በመጨረሻ የጻፉለት ይህ ነው፦ ፈጣንና ሒሳብ የማይሳሳት ወይም የማትሳሳት፣ ማታ ካፌው በባጃጅ ወደ ቤት ይሸኛል። ከድር በባጃጁ ነገር ተናዶ ሌላ ኮፒ ቤት ሄዶ መልከ መልካሙን አስጻፈ። ከዚያ በየሰሞኑ የሚያስተናግደን ሰው ሲለዋወጥ አየን። ኋላ ተመልሶ መጥቶ፣ አቀርቅሮ፣ «እሺ፣ ባጃጁን ይጨምሩበት» አለ። ለቅሶው ላይ ቡና የምታድለው ያቺ በባጃጁ የተገኘችው ልጅ ነበረች።

ሥራ ፈላጊውንም አይምሩትም። አንድ በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ ልጅ ሲቪውን በፍላሽ ይዞ መጣ። እትዬ ዘርፌ ከፍተው አነበቡ።

«መቼ ነው ያገባኸው?»

«ኧረ እኔ አላገባሁም እትዬ።»

«ሁለቱ ልጆችስ?»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየ። ለካ ከጓደኛው ታላቅ ወንድም ሲቪ ላይ ገልብጦ ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።

«ሚስቱንም ወሰድክበት?» አሉ። «ደግሞ ‹የትርፍ ጊዜ ዝንባሌ፦ ዋና› ይላል። ቡታጅራ ውስጥ የት ነው የምትዋኘው? ኩሬ አግኝተህ ደብቀኸን ነው?»

እግራቸው ወደ ማከፋፈያው ሄደ። ማሽኑ ደከመው። ልጁ ሊወጣ ሲል «ቁጭ በል፣ ማን ሂድ አለህ?» አሉት። ከተመረቅህ ወዲህ ምን ስታደርግ ኖርክ ሲሉት «ምንም» አለ። ጎትተው ጎትተው ያወጡት ምን መሰላችሁ? በሰፈሩ ሠርግም ለቅሶም ሲሆን ድንኳን የሚያስተክለው እሱ ነው። ስንት ቋሚ እንደሚበቃ፣ መሬቱ ዘቅዘቅ ካለ ገመዱ በየት እንደሚወጠር፣ ለስንት ሰው ስንት አግዳሚ እንደሚያስፈልግ ያውቃል፤ ልጆቹንም የሚያሰማራው እሱ ነው። «ይኸን ትተህ ነው የሰው ሚስት የምትገለብጠው?» ብለው ጻፉት። አሁን መንገድ ሥራ ላይ ነው። የእሳቸውንም ድንኳን እሱ ተከለው፣ ከሥራው ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ።

አጠገባችን ካለችው ከእንሴኖ የሚመጡትን ሴቶች ልጆች ግን ሌላ ነገር ነበር የሚያስለቅቋቸው። «ኮምፒውተር ትችያለሽ?» ሲሏት ልጅቷ መሬት መሬት እያየች «ትንሽ ትንሽ» ትላለች።

«ትንሽ ትንሽ ምን ማለት ነው? መክፈት ትችያለሽ፣ መዝጋት አትችይም?»

ቁልፉ ላይ ሲያስቀምጧት ከእሳቸው የፈጠነች ሆና ትገኛለች። «ጨዋነትሽን ለአማትሽ አስቀምጪው» ይሏታል። «ቀጣሪ ትንሽ ትንሽ ስትይው ትንሽ ትንሽ ነው የሚከፍልሽ። በይ፣ እችላለሁ በይ። ጮክ ብለሽ። ለእኔ አይደለም፣ መናኸሪያ ድረስ ይሰማ።» እችላለሁ ስትል ውጭ የቆመው ረዳት «ምን?» ብሎ ይመልሳል።

የእኔ በሽታ ተቃራኒው ነበር። «አንቺ ጥያቄውን እንኳ ለጠያቂው አትተዪለትም» ይሉኝ ነበር። «ሰውየው ጠይቆ ይጨርስ። ምራቅሽን ዋጪ። ከዚያ ተናገሪ።» እስከ ዛሬ ምራቄን ለመዋጥ እየታገልኩ ነው።

የእኔን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ እትዬ ዘርፌን የማልረሳቸው በእሱ ነው።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደቅኩ። ከእኔ ክፍል ያለፈውን ፈልጋችሁ ብታገኙ ንገሩኝ። ስወድቅ ቤተሰብ ተሰብስቦ መርካቶ የእናቴ ወንድም፣ ጋሼ ሽብሩ ጋ ላከኝ። የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አለው። ከሦስት ዓመት በላይ ሠራሁ። ከዚያ ሰለቸኝና ተመልሼ መጣሁ። ወልቂጤ አንድ ትልቅ መደብር የሽያጭ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ አየሁና ሲቪዬን በእጄ ጽፌ ለእትዬ ዘርፌ ሰጠኋቸው። የሥራ ልምድ የሚለው ላይ «የለም» ብያለሁ።

«ከትምህርት ቤት ከወጣሽ የት ነበርሽ?»

«አጎቴ ጋ፣ መርካቶ።»

«ምን ስትሠሪ?»

«ምንም። ሱቅ ውስጥ።»

ማተሚያው ሞተ።

«አልዋሸሁም!» አልኩ። ለእኔ እውነት ነበር። እኛ ዘንድ አጎትህ ሱቅ ስትውል ሥራ ያዝክ አይባልም፤ ዘመድ ቤት ነህ ነው የሚባለው። ደሞዝ የለም። ትበላለህ፣ ትለብሳለህ፣ ጊዜው ሲደርስ አጎትህ ያቋቁምሃል። የእኔ እኩዮች ሁሉ ያደጉት እንዲህ ነው፤ አንዳቸውም «ሠራተኛ ነበርኩ» ብለው አያውቁም።

«የሥራ ልምድ ማስረጃ አምጪ» አሉኝ እትዬ ዘርፌ። መደብሩም ያለ ማስረጃ አይቀበልም። ለጋሼ ሽብሩ ደውዬ ማስረጃ ጻፍልኝ አልኩት።

«ምን?» አለ ጋሼ ሽብሩ። «ሠራተኛዬ ነሽ እንዴ አንቺ? ልጄ ነሽ! ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል? የእህቱን ልጅ በደሞዝ ሲያሠራ ኖረ አይለኝም?»

«አልከፈልከኝማ ጋሼ» አልኩት። ምራቄን አልዋጥኩም።

ዘጋው። እስኪመሽ ወሬው ዘመዱን ሁሉ አዳረሰው፦ ፍሬ አጎቷን ደሞዝ ጠየቀች። እናቴ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

እንግዲህ መስቀል ደረሰ። መስቀል ሲሆን ከመርካቶ የማይመጣ የለም፣ ጋሼ ሽብሩም መጣ። እናቴ በየዓመቱ እንደምታደርገው እትዬ ዘርፌን ጠራቻቸው። «እኔ የምመጣው ክትፎ ልበላ ነው» ብለውኛል፤ በሉም፣ ደህና አድርገው። ከዚያ አፋቸውን ጠርገው ወደ ጋሼ ሽብሩ ዞሩ።

«አቶ ሽብሩ፣ ሱቁን ማን ይዞልዎት መጡ?»

«ዘግቼ ነዋ፤ ማን አለኝ? አንዱን ልጅ ዘመድ ከአገና ላከልኝ፣ ከቧንቧ መገጣጠሚያ ኤልቦና ኒፕል አይለይም። ሌላው ስልኩ ላይ አፍጥጦ ደንበኛ ጥሎት ይሄዳል።»

«ታዲያ ማስታወቂያ እናውጣልዎት።»

«እኔ? ማስታወቂያ?»

«ዛሬ በነጻ ነው፤ ክትፎ በልቻለሁ።» እስክሪብቶውን ከፀጉራቸው መዘዙ። «ምን ዓይነት ሰው ይሁን?»

«ታማኝ!» አለች አክስቴ ከጥግ።

«ታማኝ። እሺ።»

ጋሼ ሽብሩ እየሞቀው መጣ። «ዕቃ የሚለይ። ኦሪጅናሉንና ተመሳስሎ የተሠራውን በእጁ ይዞ የሚያውቅ። በጠዋት የሚከፍት። ጉራጊኛውንም አማርኛውንም፣ ለገጠር ደንበኛ ኦሮምኛም የሚሞክር። እኔ ዕቃ ላመጣ ስወጣ ሱቁን ብቻውን የሚይዝ።»

«ምሳም የሚሠራ» አለች አክስቴ።

«እሱ እንኳ ይቅር» አለ ጋሼ ሽብሩ ቶሎ ብሎ።

እትዬ ዘርፌ ጻፉ። «ደሞዝ?»

ማንኪያው አፉ አጠገብ ቆመ። «ዘመድ ከሆነ...»

«ዘመድማ አለቀ፣ አሁን ነገሩኝ እኮ።»

«ይኸን ሁሉ የሚችል ሰው በዛሬ ጊዜ ብዙ ይጠይቃል።»

«እንዴ፣ ይኸን ሁሉ የሚችል ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ያኔ ገባው። ማንኪያውን አስቀመጠ። ቤቱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው ጠፋ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው የተናገረው።

«እትዬ ዘርፌ፣ የእኛን ነገር እርስዎ አያውቁትም። እኔ ያደግኩት አጎቴ ሱቅ ነው፣ ካርቶን ላይ እየተኛሁ። ደሞዝ አልሰጠኝም፣ ወረቀት አልሰጠኝም። ጊዜው ሲደርስ ሱቅ ከፈተልኝ። እኛ ዘመድ አንቀጥርም፣ እናቋቁማለን።»

እውነቱን ነው። እኔም እንኳ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ።

«በጣም ጥሩ ነው» አሉ እትዬ ዘርፌ። «ከዚህ የሚበልጥ ቀጣሪ እኔም አላየሁ። ከፍሬ ጋር ሱቁ ውስጥ የነበሩትን ሁለቱን ወንዶች አቋቁመዋል አሉ። ፍሬን የት አቋቋሟት?»

ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን፣ ጮክ ብሎ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም።

«እሷማ... ደህና ሰው ሲገኝ ሠርጓን እኔው...»

«ባል እኔው ፈልጌ አገኛለሁ ጋሼ!» አልኩ። «አንተ ወረቀቱን ስጠኝ!»

«ዝም በይ!» አለች እናቴ። ጋሼ ሽብሩ ተነሳ፣ እጁን ታጠበ፣ ወጣ።

እትዬ ዘርፌን ስሸኛቸው «አበላሸሁት?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉኝ። ለማጽናናት ብለው እንኳ አይዋሹም።

ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው ኮፒ ቤቱ ውስጥ ከረሂማ ጋር ተቀምጬ ነበር። ጋሼ ሽብሩ በሩ ላይ ቆመ። አይቶኛል፣ ግን እንዳላየኝ ሆነ። «ተራ ይጠብቁ» አሉት እትዬ ዘርፌ። መርካቶ ውስጥ ደላላ ቆሞ የሚያናግረው ሰው፣ ሲቪ ከያዙ ልጆች መሃል አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አንዷ «አንቱም ሥራ ፈልገው ነው?» አለችው። «እህ» አለ።

ተራው ሲደርስ ከኮቱ ኪስ የሱቁን ማኅተም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጻፉ» አለ። የመስቀል ዕለት ለማስታወቂያው ያለውን ሁሉ፣ አሁን ሠርታለች፣ ታውቃለች፣ ይዛለች እያለ አስጻፈ። ሲጨርስ «ትቆጣለች በሉበት» አለ።

«ጋሼ!»

«አትቆጪም?»

«እቆጣለሁ።»

«እንግዲያው ይጻፍ። ውሸት አልፈርምም።»

እትዬ ዘርፌ መነጽራቸውን ጠረጉ። «ማንን ነው የምትቆጣው?»

«ሌላ ቦታ የገዛውን የማይረባ ዕቃ አምጥቶ ‹ከናንተ ነው የገዛሁት፣ መልሱልኝ› የሚለውን። አንዱን ታክሲ ተራ ድረስ ተከትላ ሰድባዋለች።»

ጻፉ፦ የድርጅቱን ጥቅም በሚጎዳ ጉዳይ አትደራደርም።

ጋሼ ሽብሩ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። «እንዲህ ነው የሚባለው?»

«ወረቀት ላይ እንዲህ ነው የሚባለው።»

ማኅተሙን መታበት። ከዚያ «ማስታወቂያውንም አውጡልኝ» ብሎ ደሞዙን ተናገረ። ረሂማ አፏን በእጇ ያዘች። ወልቂጤ ከሚከፍለው ይበልጣል።

«ፍሬም ከፈለገች ታመልክት» አለ ጋሼ ሽብሩ፣ ግድግዳውን እያየ።

ወደ እትዬ ዘርፌ ዞርኩ። በሕይወቴ ምን ልበል ብዬ ሰው የጠበቅኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል።

«እኔን አትመልከቺ» አሉኝ። «እኔ የማውቀው ቀጣሪ ምን እንደሚጠይቅሽ ነው። አንቺ ምን እንደምትፈልጊ በየት በኩል ልወቀው?» ብለው የሚቀጥለውን ጠሩ።

ወረቀቱን ይዤ ወልቂጤ ሄድኩ። የሚፈትነኝ ሰውዬ ማስረጃዬን ሲያነብ ቆየ።

«ጥሩ ሥራ ነበረሽ» አለ። «ለምን ለቀቅሽ?»

ለዚህ ጥያቄ እትዬ ዘርፌ መልስ አስጠንተውኝ ነበር፦ ልምዴን ለማስፋት። ምራቄን ዋጥኩ። ጥናቱ አብሮ ተዋጠ።

«ያሠራኝ አጎቴ ነው» አልኩት። «ጥሩ ሰው ነው። አሁን ከእናንተ አብልጦ ሊከፍለኝ ይፈልጋል። ግን እሱ በሰጠኝ ቁጥር እግዜር ይስጥልኝ ልለው ነው። የመጀመሪያ ደሞዜን ከባዳ እጅ መቀበል እፈልጋለሁ፣ ምንም ሳልል።»

ሰውዬው እስክሪብቶውን አስቀምጦ አየኝ። ከዚያ መቼ መጀመር እንደምችል ጠየቀኝ።

እዚያው በር ላይ ቆሜ ለእትዬ ዘርፌ ደወልኩ። ተቀጠርኩ ስል እንኳን ደስ አለሽ አላሉም።

«ለምን ለቀቅሽ ሲልሽ ምን አልሽ?»

ነገርኳቸው። ከወዲያ ማተሚያው ሲሠራ ይሰማኛል።

«እኔ ይኸን አላስተማርኩሽም» አሉ።

«አዎ።»

«ሌላ ሰው ከናንተ የበለጠ ይከፍለኛል ብሎ ለቀጣሪ መናገር ጅልነት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«እስቲ ደግመሽ በይው።»

ደግሜ አልኩት፤ ከባዳ እጅ፣ ምንም ሳልል።

«ጥሩ» አሉ። «በይ አሁን ስልኩን ዝጊው፣ ወረፋ አለብኝ።»